ጊኒ ፒጎችን ቤት ውስጥ ስለ መልቀቅ፤ ከኮምቦልቻ ለተጠየቀው ጥያቄ

ውድ እህታችን፣ ሁለቱ እንስት ጊኒ ፒጎችዎ (ጭራ አልባ፣ አይጥ መሰል ትንንሽ የቤት እንስሳት) የካርቶን አጥራቸውን እየተሻገሩ ሳሎኑን አቋርጠው ከማቀዝቀዣው ጀርባ መግባት እንደ ለመዱ፣ ቡኒ ያሏት ደግሞ ከቤት ወጥታ በረንዳ ላይ እንደ ተገኘች ጽፈው፣ ከሥራ እስኪመለሱ ድረስ ቤቱን በሙሉ ቢለቁላቸው ምን እንደሚያሰጋ ጠይቀዋል። እኔ ደሴ ውስጥ እነዚህን እንስሳት ለዓመታት በቤቴ ስላኖርኩ ካየሁት ተነስቼ እመልሳለሁ። ሰው በሌለበት አይልቀቋቸው። ሰው ባለበትም ቢሆን ቤቱን በሙሉ ሳይሆን አንድ ክፍል ብቻ ይስጧቸው፤ እሱንም ቡና በማይፈላበትና እንግዳ በማይበዛበት ሰዓት ያድርጉት።

ምክንያቴ ከእንስሳቱ ጠባይ ይልቅ ከቤታችን አኗኗር ጋር ይያያዛል። በውጭ አገር ስለ ጊኒ ፒግ የሚጻፈው ምክር አብዛኛው ነገር ጠረጴዛና መደርደሪያ ላይ ለሚቀመጥበት ቤት የታሰበ ነው። የእኛ ቤት ኑሮ ግን እኩሌታው ወለል ላይ ነው። የከሰል ምድጃው፣ ረከቦቱ፣ ጉዝጓዙ፣ የስልክ ቻርጀሮች የተሰኩበት ኤክስቴንሽን፣ ጥግ ላይ የተቀመጠው የአይጥ መርዝ ሁሉ ከጊኒ ፒግ አፍ ጋር እኩል ቁመት ላይ ይገኛል። ስለዚህ ከሌላ አገር የተገኘውን ምክር እንዳለ መውሰድ አይበቃም።

ጊኒ ፒግ በተፈጥሮዋ አዳኝን ስለምትፈራ ገላጣ ቦታ ላይ መቆም አትወድም። አዲስ ክፍል ውስጥ ስትለቀቅ መጀመሪያ የምታደርገው የግድግዳውን ጥግ ተከትላ መዞር ነው፤ አደጋውም የሚጠብቃት እዚያው ጥግ ላይ ነው። ስለዚህ ከመልቀቅዎ በፊት የስልክዎን ባትሪ አብርተው፣ በሆድዎ ተኝተው ከቡፌው ጀርባ፣ ከቁም ሳጥኑ ስርና ከሶፋው ኋላ ያለውን ሁሉ ይመልከቱ። ጭንቅላቷ የገባበት ቀዳዳ ሰውነቷንም ሊያስገባት ይችላል፤ ግልገሎች ካሉ ደግሞ ሦስት ሴንቲ ሜትር የሚሆን ክፍተት እንኳ ይበቃቸዋል። በተለይ የሶፋውን የታችኛውን ጨርቅ ይፈትሹ። ተቀዶ ከሆነ ወደ ሶፋው ሆድ ገብተው ይተኛሉ፤ ሰው ሳያውቅ ሲቀመጥበት የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። ክፍተቶቹን በጣውላ ወይም በጡብ መዝጋት ይሻላል፤ የተጠቀለለ ጨርቅ በጥርሳቸው በጣጥሰው ያልፋሉ።

የካርቶን አጥሩ ያላገለገለዎት በሽንት ስለሚርስና ስለሚበላ ነው። ከ35 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው የኮምፔንሳቶ አጥር ለአብዛኞቹ ጊኒ ፒጎች በቂ ነው፤ ሆኖም የመደበቂያ ሳጥናቸውን ከአጥሩ ጋር አስጠግተው ካስቀመጡት ሳጥኑ ላይ ወጥተው ስለሚሻገሩ ወደ መሃል ያርቁት። ቡኒ የወጣችው ዘላ ሳይሆን ሳጥኑን መሰላል አድርጋ ይመስለኛል።

የማቀዝቀዣውን ጀርባ ነገር ቀለል አድርገው አይዩት። የፊት ጥርሶቻቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ስለሚያድጉ ሁልጊዜ የሚያኝኩት ነገር ይፈልጋሉ፤ የኤሌክትሪክ ገመድ ላስቲክ ደግሞ ለጥርሳቸው ይመቻል። በአገራችን መስመር 220 ቮልት ስለሚመጣ አንድ ንክሻ ሊገድላት ይችላል፤ ገመዱም ተላልጦ ለእሳት ይዳርጋል። ገመዶችን ከወለል 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ በግድግዳ ላይ ማሰር፣ የማይነሱትን ደግሞ ጠንካራ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል። ማቀዝቀዣውን ግን በሁለቱም ጎን በጣውላ ዘግተው፣ ለአየር መተላለፊያ ላዩን ክፍት ይተዉት። ገመድ ነክሳ ካገኟት እጅዎን ከመስደድዎ በፊት ቆጣሪውን ያጥፉ።

ቡና በሚፈላበት ሰዓት ግን በረታቸው ውስጥ መሆን አለባቸው፤ በዚህ ላይ ድርድር የለኝም። ፍሙ ወለል ላይ ነው፣ ጀበናው ወለል ላይ ነው፣ የዕጣኑና የከሰሉ ጭስ ደግሞ በቀላሉ ለሚታመመው ሳንባቸው ከባድ ነው። ከሁሉም በላይ የሚስባቸው ጉዝጓዙ ነው። የእኔዋ ዳማ ቄጤማ በተነጠፈበት ቀን በሩ ለአፍታ ክፍት ከሆነ ሰተት ብላ ትመጣና አንዱን ዘንግ ከጫፉ ይዛ፣ አገጯን ብቻ እያንቀሳቀሰች፣ ሳትለቅ እስከ ሥሩ ድረስ ወደ አፏ ትስበዋለች፤ ከዚያ ሳትነሳ ወደ ሚቀጥለው ታልፋለች። ሣሩ ራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ክፉው ከየት እንደታጨደ አለመታወቁና ፍም ከምድጃው ሊወድቅበት መቻሉ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ የፋብሪካና የከተማ ፍሳሽ ከሚገባበት የቦርከና ወንዝ ዳርቻ የታጨደ ቄጤማ ቤት ሲያሳምር ቢውልም ለመኖ አይሆንም። ስለዚህ ጉዝጓዙ ተጠርጎ ሳይወጣ አይልቀቋቸው። ጫት የሚቃምበት ቤት ከሆነ ደግሞ ገራባውም እንዲሁ ነው፤ ትኩስ ቅጠል መስሏቸው ይበሉታል፤ ሰውን የሚያነቃቃው ንጥረ ነገር አንድ ኪሎ ገደማ ብቻ ለሚመዝን እንስሳ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አስቡት።

ከወጥ ቤት የሚወድቁትንም አይርሱ። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አቮካዶ፣ የበቀለ ወይም አረንጓዴ የሆነ ድንች፣ የቲማቲም ቅጠል ለእነሱ መርዝ ናቸው። የአይጥ መርዝ ብዙ ጊዜ በእህል ተለውሶ ስለሚቀመጥ እነሱንም ይጠራቸዋል፤ መርዝ የተደረገበት ክፍል ውስጥ፣ መርዙ ከተነሳ በኋላም ቢሆን፣ ወለሉ በደንብ ሳይታጠብ አይልቀቋቸው። በረኪና የፈሰሰበትም እስኪታጠብና እስኪደርቅ ይቆይ። ድመት ካለ፣ የቱንም ያህል ገራም ቢሆን፣ አብሮ አይለቀቅም።

እኔ ከማውቃቸው አደጋዎች ብዙዎቹ የደረሱት ግን በመርዝም በድመትም ሳይሆን በሰው እግርና በበር ነው። ጎረቤቴ ቤት የሞተችው መብራት በጠፋ ጊዜ ሰው ሻማ ሊፈልግ ሲነሳ ተረግጣ ነው። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ባለበት ይቁም፤ አንድ ሰው በስልክ ባትሪ እየፈለገ እስኪያስገባቸው ድረስ ማንም እግሩን አያንሳ። ንፋስ የሚዘጋው በር በድንጋይ ይደገፍ። ልጆች ወለል ላይ ተቀምጠው ይዳብሷቸው እንጂ ቆመው አያንሷቸው፤ ጊኒ ፒግ የከፍታን ልክ በደንብ ስለማትለይ ከእጅም ከሶፋም ዘላ ትወድቃለች፣ እግሯም ጥርሷም ይሰበራል። ለድመትና ለውሻ የሚሸጠውን ማሰሪያ ለማሰር ያሰቡም ካሉ ይተዉት፤ ስትደነግጥ በድንገት ስለምትፈተለክ የጀርባ አጥንቷ ይጎዳል። ሶላት የሚሰገድበት ክፍል ካለ ደግሞ እየዞሩ ኩሳቸውን ስለሚጥሉ ከመጀመሪያው ያንን ክፍል ዝግ ማድረግ ለሁሉም ሰላም ነው።

የአየሩን ነገር በተመለከተ በእርስዎና በእኔ ቤት መካከል የሐረጎ ቁልቁለት አለ፤ ከታች ያለው ሙቀት ከላይ ካለው ብርድ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጊኒ ፒግ ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ይመቻታል፤ ከ27 ዲግሪ በላይ ሲሆን ሙቀት ሊመታት ይችላል፤ ላብ ስለማያልባት ራሷን የማቀዝቀዝ አቅሟ ትንሽ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ በቆርቆሮ ጣሪያ ስር ያለ ክፍል እኩለ ቀን ላይ ከዚህ ያልፋል፤ ስለዚህ የእርስዎ ምርጥ ሰዓት ማለዳና ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ነው። ደሴ ላይ ደግሞ ችግሩ የሲሚንቶ ወለል ብርድ ስለሆነ እኔ አሮጌ ብርድ ልብስ አነጥፋለሁ። ሴራሚክ ወለል ላይም ቢሆን ምንጣፍ ያስፈልጋል፤ እግራቸው ይንሸራተታል።

ጠፍተው ሲደበቁ ማባረር ከሁሉ የከፋ ነው፤ የባሰ ወደ ጠባብ ቦታ ይገባሉ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጎመን ወይም ሰላጣ በሚሰጧቸው ቁጥር አንድ ፌስታል ያንኮሻኩሹ። ጥቂት ቆይቶ ያንን ድምፅ ሲሰሙ እየጮሁ ይመጣሉ። ሁለት በር የተከፈተለት ካርቶን ወለል ላይ ቢኖር ደግሞ ሲደነግጡ ወደ እሱ ይሮጣሉ፣ እርስዎም ከነካርቶኑ ያነሷቸዋል። ሳይጠግቡ አይልቀቋቸው፤ ድርቆሹን በደንብ የበላች ጊኒ ፒግ ፕላስቲክና ምንጣፍ የመብላት ፍላጎቷ ይቀንሳል።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ አስበልጬ አሳስባለሁ። ጉዳት ደርሶባት የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ከወሰዷት፣ ሐኪሞቻችን በብዛት የሚያክሙት ከብት፣ በግና ዶሮ ስለሆነ፣ ከብት የሚወጋበትን፣ ፔንሲሊን ያለበትን ፔንስትሬፕ ሊያዙ ይችላሉ። ፔንሲሊንና አሞክሲሲሊንን የመሳሰሉት የዚሁ ወገን መድኃኒቶች የጊኒ ፒግን የአንጀት ባክቴሪያ አዛብተው ሊገድሏት ይችላሉ፤ ይህንን በትሕትና ግን በግልጽ አስቀድመው ይንገሩ። እግሯን ስታነክስም ሁልጊዜ ወድቃ ነው ማለት አይደለም፤ እንደ ሰው ሁሉ ቫይታሚን ሲን በሰውነቷ ማምረት ስለማትችል እጥረቱ መገጣጠሚያዋን ያሳምማል። በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ10 እስከ 30 ሚሊ ግራም ያስፈልጋታል፤ የሐበሻ ጎመንና የማያቃጥለው ትልቁ ቃሪያ ይህን ይሰጣሉ። ግማሽ ቀን ያህል ምንም ሳትበላ ከቆየች ደግሞ እስከ ነገ አይጠብቁ።

ቡኒ የወጣችው በየትኛው በር እንደሆነ አልጻፉም። ወደ በረንዳ የሚያወጣውን በር ስር ያለውን ክፍተት በማስመሪያ ለክተው፣ የበሩንም ፎቶ ጨምረው ቢልኩልን፣ ጣውላ ይበቃው ወይስ ከታች ላስቲክ ይመታበት የሚለውን እዚህ ካሉት አናጢዎች ጋር ተነጋግረን እንነግርዎታለን።