ከቤት መውጣት ለከበደሽ እህቴ

እህቴ፣ «ድብርት ይዞኝ ከአልጋ መነሳት አቅቶኛል። ሰው ሁሉ ወጣ ብለሽ ንፋስ ተቀበይ ይለኛል። እውነት ይረዳል?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔን ረድቶኛል። ግን ቀስ ብሎ ነው።

ሲብስብኝ እዚህ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ግቢ እሄድ ነበር። ለመጸለይ እንኳ አቅም አልነበረኝም። ከጥዶቹ ሥር ቁጭ ብዬ ወፎቹን እሰማለሁ፣ በቃ። «ምን ሆነሽ ነው?» የሚለኝ የለም። ሌላ ቀን ፋሲል መዋኛ ሄድኩ። የዛፎቹ ሥር የድንጋዩን አጥር ጥምጥም አድርጎ ይዞታል፣ አይተሽው ይሆናል። እጄን ሥሩ ላይ አሳርፌ አለቀስኩ። ከስንት ወር በኋላ የመጣ እንባ ነበር።

አንቺ ግን ሩቅ አትሂጂ። ደጃፍሽ ላይ 10 ደቂቃ የጠዋት ፀሐይ ሙቂ። ፍላጎቱ እስኪመጣ አትጠብቂ፤ በድብርት ጊዜ ፍላጎት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከተንቀሳቀሱ በኋላ ነው።

ደግሞ ዛፍ ሕክምናን አይተካም። እኔም መድኃኒት ወስጃለሁ፤ ለውጡ እስኪታየኝ ሳምንታት ፈጅቷል። ከጀመርሽ በራስሽ እንዳታቋርጪ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ አታሳድሪው፤ ለምታምኚው ሰው ዛሬውኑ ንገሪና አብራችሁ ሂዱ።