እንጨት ከመግዛትዎ በፊት መኪናው ውስጥ ይተኙ፦ አነስተኛ ኤስዩቪን ለካምፒንግ ስለማዘጋጀት

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ጥያቄዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ። አነስተኛ ኤስዩቪ (ከመሬት ከፍ ያለ የቤተሰብ መኪና) እንዳለዎት፣ ከባለቤትዎ ጋር ሆናችሁ ልታድሩበት እንደምትፈልጉ፣ መኪናው በሥራ ቀናት ልጆች ስለሚያመላልስ የኋላ ወንበሩን ለዘለቄታው ማንሳት እንደማይቻልና በጀታችሁም ውስን እንደሆነ ገልጸዋል። ከሥሩ መሳቢያ ያለው የእንጨት አልጋ ለማሠራት ያሰቡት ንድፍ ያዋጣ እንደሆነም ጠይቀዋል። በዚህ መጠን መኪና ውስጥ ለዓመታት ሳድር ስለቆየሁና ለሌሎች ሰዎችም ሳዘጋጅ ስለነበር፣ የማውቀውን በዝርዝር ልጻፍልዎ።

መሳቢያ ያለውን አልጋ ለጊዜው እንዲተዉት እመክራለሁ። ይህ ንድፍ ጣራቸው ከፍ ላሉ ቫኖች በጣም ጥሩ ነው፤ በአነስተኛ ኤስዩቪ ውስጥ ግን ያለችዎትን ጥቂት ቁመት ይበላዋል። ነገሩን በቁጥር እንየው። የኋላ ወንበሩ ሲታጠፍ ከወለሉ እስከ ጣራው 85 ሴንቲ ሜትር አለ እንበል። መሳቢያው 25፣ ፍራሹ ደግሞ 8 ሴንቲ ሜትር ቢወስድ የሚቀርዎት 52 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። አንድ አዋቂ ሰው ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ ከመቀመጫው እስከ አናቱ ከ85 እስከ 95 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ በዚያ አልጋ ላይ መተኛት እንጂ መቀመጥ፣ ልብስ መቀየር፣ ዝናብ ሲጥል መጽሐፍ ማንበብ አይችሉም። ሌሊቱን ሙሉ ጣራው ፊትዎ ላይ እንዳለ ይሰማዎታል፤ ከሁለታችሁ አንዱ ለመውጣት ሲፈልግም በሌላው ላይ መንፏቀቅ ይኖርበታል።

ከፍ ያለ አልጋ አንድ እውነተኛ ጥቅም አለው፤ እሱም ስፋት ነው። በአብዛኞቹ አነስተኛ ኤስዩቪዎች የኋላ ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ባበጡበት ቦታ መካከል ያለው ወለል አንድ ሜትር ገደማ ነው። ከእብጠቱ በላይ ከወጡ ግን ተጨማሪ 20 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ሊያገኙ ይችላሉ። አንድ ሜትር ለሁለት ሰው ጠባብ ነው፤ ሆኖም የሰው ሰፊው ክፍል ትከሻው ስለሆነና እብጠቱም የሚያጣብበው የመኪናውን የኋለኛ ክፍል ብቻ ስለሆነ፣ ትከሻችሁን ወደ ፊት ወንበሮቹ፣ እግራችሁን ወደ ኋላው በር አድርጋችሁ ብትተኙ ጥበቱ በአብዛኛው አይሰማችሁም። ስለዚህ ስፋቱን በአተኛኘት፣ ቁመቱን ደግሞ አልጋውን ዝቅ በማድረግ ማግኘት ይቻላል።

ምንም ነገር ከመግዛትዎ በፊት ግን አንድ ሌሊት ቤት ያለውን ፍራሽና ብርድ ልብስ ብቻ አስገብታችሁ፣ በምታውቁትና ደህንነቱ በተጠበቀ ቦታ እደሩበት። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም። ሰዎች ሠርተው በኋላ የሚያፈርሱት አብዛኛው ነገር ከዚህ ሌሊት በፊት የታሰበ ነው። ወገባችሁን የሚቆረቁራችሁ የቱ ጋ እንደሆነ፣ እግራችሁ በሩን ይነካ እንደሆነ፣ ማን በየት በኩል መውጣት እንደሚቀለው፣ መነጽርና ስልክ የት መቀመጥ እንዳለባቸው በማግስቱ ጠዋት ያለ ግምት ታውቁታላችሁ።

ወደ አልጋው ልመለስ። የፊት ወንበሮቹን እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ስበው የኋላውን ሲያጥፉ፣ በታጠፈው ወንበርና በፊት ወንበሮቹ ጀርባ መካከል እግር ማሳረፊያው ላይ ጉድጓድ ይቀራል። የመኝታችሁ ርዝመት የሚወሰነው በዚህ ጉድጓድ ነው፤ እሱ ሲሸፈን ከ150 ሴንቲ ሜትር የማያልፈው ወለል ወደ 180 ሊጠጋ ይችላል። በጣም ርካሹና እኔ ከሁሉም የምመርጠው ዘዴ ጉድጓዱ ውስጥ በልካቸው የተመረጡ የውኃ ጀሪካኖችን አስቀምጦ በላያቸው ላይ አንድ ጣውላ መዘርጋት ነው። ውኃ ከምትጭኑት ነገር ሁሉ ከባዱ ነው፤ 20 ሊትር ማለት 20 ኪሎ ግራም ነው። እዚያ ሲቀመጥ ዝቅ ብሎ፣ በመኪናው መካከል፣ በወንበሮች መሐል ተይዞ ይጓዛል፤ ለአልጋውም እግር ይሆነዋል። ውኃው ሲያልቅ እንዳይጎብጥ ጠንካራ ጀሪካን ይምረጡ። ይህ የማይመች ከሆነ ክዳኑ ክብደት የሚችል የፕላስቲክ ሳጥን ይበቃል።

ጣውላው 12 ሚሊ ሜትር ፕላይውድ ቢሆን ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ለሚሆን ክፍተት ይችላል። ክፍተቱ ከዚያ ከሰፋ 18 ሚሊ ሜትር ይጠቀሙ፤ አለዚያ ከሥሩ ሁለት ቋሚ ማጠናከሪያ ያስገቡለት። ችፑድ አይግዙ፤ ርጥበት ሲያገኘው ያብጣል፣ ብሎንም አይዝም። ጣውላውን በሁለት ክፍል ቆርጠው በማጠፊያ ቢያገናኙት በሥራ ቀን ታጥፎ ከኋላ ይቀመጣል፤ ልጆቹም እንደ ወትሮው ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት፤ ፍራሽ የሚቀደደውና እጅ የሚቧጨረው እዚያ ላይ ነው። የኋላ ወንበሩን ፈትቶ ማውጣት ግን በእናንተ ሁኔታ ጨርሶ አያስፈልግም። በአንዳንድ መኪና ከወንበሩ ጋር የኤርባግና የቀበቶ ሽቦ የተያያዘ ስለሆነ ካልታወቀበት የማስጠንቀቂያ መብራት ከማብራት አልፎ የልጆቹን ደህንነት ይነካል።

የታጠፈ ወንበር ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይተኛም፤ ወደ ፊት ወንበሮቹ በኩል ጥቂት ከፍ ይላል። ራሳችሁ በዚያ በኩል ስለሚሆን ትንሽ ተዳፋት አይጎዳም። ከኋላው ወለል ጋር በሚገናኝበት ቦታ ግን ደረጃ ከፈጠረ ከአሮጌ ፍራሽ የተቆረጠ ስፖንጅ ደልድሉበት። መኪናውንም ስታቆሙ ራሳችሁ ከእግራችሁ ዝቅ እንዳይል ተጠንቀቁ፤ በጎን ካዘነበለ ደግሞ ዝቅ ባለው ጎማ ሥር ሰፊ ጣውላ ማስገባት ይበቃል።

ገንዘብ ማውጣት ካለባችሁ ፍራሹ ላይ አውጡት። በጀታችሁን ግማሽ ቢወስድ እንኳ አይቆጫችሁ። ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለውና ሲጫኑት ቶሎ የማይሰምጥ ስፖንጅ ፈልጉ፤ ለስላሳ ስፖንጅ ሱቅ ውስጥ ይመቻል፣ ሌሊት ግን ዳሌና ትከሻ ወለሉን ያገኙታል። በሦስት የሚታጠፍ ሆኖ ቢቆረጥ ቀን ቀን መቀመጫ ይሆናል። ነፋስ የሚሞላ ፍራሽ ቦታ ባይዝም፣ ውስጡ ሙቀት የሚይዝ ነገር ከሌለው ቅዝቃዜ ከሥር ያመጣል። ብዙ ሰው ሲበርደው ከላይ ብርድ ልብስ ይጨምራል፤ ብርዱ የሚመጣው ግን ከታች፣ የሰውነት ክብደት ልብሱን ከጨፈለቀበት በኩል ነው።

አሁን ከእንጨቱ ይበልጥ እንድታስቡበት ወደምፈልገው ነገር ልምጣ፤ እሱም አየርና ርጥበት ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ሌሊት በትንፋሽና በቆዳ የሚያወጡት ውኃ ግማሽ ሊትር ገደማ ሊደርስ ይችላል። መስኮቱ ሁሉ ከተዘጋ ይህ ውኃ መውጫ የለውም፤ ቀዝቃዛውን መስታወት ሲያገኝ ጤዛ ይሆናል፣ ከዚያ ወርዶ በሩ ጎንና ፍራሹ ሥር ይገባል። በሁለተኛው ሌሊት ልብሱ ይርሳል፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሻጋታ ይሸታል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። በሰያፍ የሚተያዩ ሁለት መስኮቶችን፣ ለምሳሌ የፊት ቀኙንና የኋላ ግራውን፣ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ክፍት አድርጉ። አየሩ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ከመስኮቱ በላይ የሚለጠፈው የዝናብ መከላከያ ፕላስቲክ ካለ በዝናብም ክፍት መተው ይቻላል። ለትንኝ ከአጎበር ጨርቅ የበሩን ላይኛ ክፍል የሚያለብስ ከረጢት ሰፍታችሁ በሩ ላይ አጥልቁት፤ መስኮቱን እንደልባችሁ ዝቅና ከፍ ማድረግ ትችላላችሁ። ብርድ ሲበረታ የሚመጣው ፈተና መስኮቱን መዝጋት ነው፤ ልብስ ጨምሩ እንጂ አትዝጉት።

የመስኮት መሸፈኛውን ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ። በየመስኮቱ ላይ ካርቶን ለጥፋችሁ ቅርጹን አንሱ፣ ከዚያ የሚያብረቀርቀውን አረፋማ ሙቀት መከላከያ ከቅርጹ አንድ ሴንቲ ሜትር አስፍታችሁ ቁረጡ፤ ያለ ማጣበቂያ ተጠቅጥቆ ይቆማል። ወደ ውጭ በሚታየው ፊቱ ላይ ጥቁር ጨርቅ ብታደርጉበት መኪናው ውስጥ ሰው እንዳለ ከሩቅ አይታወቅም። እያንዳንዱ ላይ የየትኛው መስኮት እንደሆነ ጻፉበት፤ ጨለማ ውስጥ ትመርቁኛላችሁ። ከሽፋኑ ጀርባ ጠዋት መስታወቱ ርጥብ ሆኖ ቢታይ አትደንግጡ፣ በጨርቅ አብሳችሁ ሽፋኑን ፀሐይ ላይ አስጡት። ፍራሹንም በየዕለቱ አንሥታችሁ ሥሩ ይናፈስ።

ስለ እሳት የምለው አይለዋወጥም። መኪናው ውስጥ ምድጃ፣ ከሰልም ሆነ ጋዝ አይቀጣጠልም፣ ለማሞቅም ለምግብም። ከእሳቱ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል። ሞተር አስነሥቶ በማሞቂያው እየሞቁ መተኛትም እንዲሁ አደገኛ ነው፤ በተለይ የጭስ ማውጫው በጭቃ፣ በሣር ወይም በበረዶ ከተዘጋ። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ራስጌያችሁ አጠገብ ይኑር። የኋላው በር ወደ ላይ ሲከፈት ጥሩ ጥላ ቢሆንም ማብሰያውን ከእሱ ሥር ሳይሆን ከፊቱ ራቅ አድርጋችሁ፣ ከነፋስ ተከልላችሁ አኑሩት። መኪናውን በደረቅ ረጅም ሣር ላይም አታቁሙ፤ የጋለ የጭስ ማውጫ ሣር ያቀጣጥላል።

ኤሌክትሪክን በተመለከተ ፍላጎታችሁን መጀመሪያ አስሉት። ሁለት ስልክ መሙላት 30 ዋት ሰዓት (ዋቱ በሰዓቱ ተባዝቶ) ገደማ ይወስዳል፤ 3 ዋት የኤልኢዲ መብራት ለ4 ሰዓት 12 ዋት ሰዓት፣ 3 ዋት ትንሽ ማራገቢያ ለ8 ሰዓት 24 ዋት ሰዓት ነው። ድምሩ 66 ነው፤ ስለዚህ 300 ዋት ሰዓት የሚይዝ ተንቀሳቃሽ የኃይል ሳጥን ለሦስት ሌሊት ይበቃል፣ በጉዞ ላይም ከሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ይሞላል። ማቀዝቀዣ ግን ስሌቱን ሁሉ ይቀይረዋል። 45 ዋት የሚወስድ ማቀዝቀዣ ከጊዜው ሲሶውን ብቻ ቢሠራ እንኳ በቀን 360 ዋት ሰዓት ይፈልጋል። 60 አምፒር ሰዓት የሆነ የ12 ቮልት የመኪና ባትሪ ሙሉ ሲሆን የሚይዘው 720 ዋት ሰዓት ገደማ ነው (60 በ12 ሲባዛ)፤ የሞተር ማስነሻ ባትሪ ደግሞ ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ያጥራል፣ ጠዋትም ሞተሩን ላያስነሣ ይችላል። ስለዚህ በዚህ በጀት ማቀዝቀዣ አልመክርም፤ በረዶ የሚያዝበት ጥሩ ሳጥን ይበቃችኋል። ከባትሪው ቀጥታ ሽቦ ለመሳብ ካሰባችሁ ከባትሪው ሳይርቅ ፊውዝ (ኃይል ሲበዛ ተቃጥሎ መስመሩን የሚያቋርጥ መከላከያ) ይግባበት። ያለ ፊውዝ የተዘረጋ ሽቦ አንድ ቦታ ተፈግፍጎ ብረት ከነካ እሳት ያስነሣል።

ክብደቱንም አትርሱ። አንድ ሙሉ የ12 ሚሊ ሜትር ፕላይውድ ብቻውን 20 ኪሎ ግራም ያልፋል። መኪናው የሚችለው ጭነት በሾፌሩ በር ቋሚ ላይ ባለው ጽሑፍ ወይም በመመሪያው መጽሐፍ ይገኛል፣ ተሳፋሪዎችም ከዚያ ውስጥ ይቆጠራሉ። ከባዱ ዕቃ ዝቅ ይበል፣ ከታጠፈው ወንበር ጀርባ ይጠጋ፣ ወለሉ ላይ ባሉት የማሰሪያ ቀለበቶችም ይታሰር። በድንገተኛ ግጭት ያልታሰረ ሳጥን ከክብደቱ ብዙ እጥፍ በሆነ ኃይል ወደ ፊት ይወረወራል። ስኮርታ ጎማውና ክሪኩ ወለሉ ሥር ከሆኑ ደግሞ አልጋው ሙሉ በሙሉ ሳይፈርስ እንዲወጡ አድርጋችሁ አዘጋጁ። በዝናብ ጎማ ሲተነፍስ ፍራሽ መንገድ ዳር መዘርጋት የሚገባው ሰው የለም።

አንድ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ፤ የኋላው በር በብዙ መኪኖች ከውስጥ መክፈቻ የለውም፣ ወይም መክፈቻው ተሸፍኖ የሚገኝ ነው። የእናንተን ዛሬውኑ አረጋግጡ። ቁልፉ ሁልጊዜ በአንድ በታወቀ ቦታ ይሁን፣ የሾፌሩ ወንበርም ዕቃ አይጫንበት፤ ድንገት መሄድ ቢያስፈልግ ሳትወጡ መንዳት አለባችሁ። በሪሞት ስትቆልፉ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የሚያየው ማንቂያ ሊጮህ ስለሚችል ከውስጥ በእጅ መቆለፍ ይሻላል።

በቅደም ተከተል ካስቀመጥኩት፣ መጀመሪያ ፍራሹን፣ ቀጥሎ የመስኮት መሸፈኛውንና የትንኝ መከላከያ ከረጢቱን፣ ከዚያ የኃይል ሳጥኑንና መብራቱን፣ በመጨረሻ የጉድጓዱን ጣውላ እሠራ ነበር። መሳቢያውን ደግሞ ዕቃችሁ ሁሉ በሁለት ከረጢትና በሁለት ሳጥን አልገባ ካለ ያን ጊዜ እንነጋገርበታለን። ለአሁኑ ሦስት ልኬት ወስደው ቢጽፉልኝ፣ ማለትም ከታጠፈው ወንበር እስከ ጣራው ያለውን ቁመት፣ በጎማ እብጠቶቹ መካከል ያለውን ስፋት፣ እንዲሁም የፊት ወንበሮች ወደ ፊት ተስበው እያለ ከጀርባቸው እስከ ኋላው በር ያለውን ርዝመት፣ የጣውላውን አቆራረጥ በሴንቲ ሜትር አስልቼ እልክልዎታለሁ።