ጥያቄና መልስ፦ የሁመር ዛፍ ከመጠጡ ሌላ ለምን ይጠቅማል?

ጥያቄ፦ «ለተከበራችሁ የመጽሔቱ አዘጋጆች፤ የምኖረው ሐረር ጀጎል ውስጥ ነው። በረመዳን የምናፈጥርበትን ሁመር ዘመዶቻችን ከድሬዳዋ፣ ከቀፊራ ገበያ ገዝተው ያመጡልናል። ከፍሬው ያወጣሁትን ዘር ግቢዬ ውስጥ ብተክለው በቀለ፤ የብርዱ ወራት ሲገባ ግን ቅጠሉን አራግፎ ቀጨጨ። ዛፉ የአተርና የባቄላ ወገን ነው ሲባል ስለሰማሁ መሬቱን ያዳብርልኛል ብዬም ነበር። ምን ይሻለኛል? ከመጠጡ ሌላስ ምን ጥቅም አለው?»

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ችግኝዎን ያቀጨጨው የሐረር ከፍታ ይመስለናል። በአካባቢያችን ሮቃ እየተባለም የሚጠራው ሁመር የሞቃታማው አፍሪካ ተወላጅ ሲሆን፣ በደንብ የሚያድገው ከ1,500 ሜትር በማይበልጥ ቆላ ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ትስማማዋለች፤ ሐረር ግን ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፣ ለጋ ችግኝ ደግሞ ብርድ አይችልም። ወገኑ በእርግጥም ከአተር፣ ከባቄላና ከግራር ጋር አንድ ነው። ሆኖም የብዙዎቹ ዘመዶቹ ሥር ናይትሮጅንን ከአየር የሚይዙ ባክቴሪያዎች የሚኖሩባቸውን እባጮች ሲያወጣ፣ የሁመር ሥር አያወጣም። ጥላውም ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ከሥሩ አትክልት ማልማት ያስቸግራል።

ወደ ጥቅሙ ስንመጣ፣ የፍሬው ኃይል ያለው ኮምጣጣነቱ ላይ ነው። በተሰባሪው ቡናማ ቅርፊት ውስጥ ያለው ሥጋ ታርታሪክ አሲድ የሚባለውን ንጥረ ነገር በብዛት ይዟል። ለብ ባለ ውኃ ተዘፍዝፎ ከቆየ በኋላ በእጅ ታሽቶና ተጠልሎ፣ ስኳር ሲጨመርበት ጥም የሚቆርጥ መጠጥ የሚሆነው፣ በወጥ ውስጥም የሎሚን ቦታ የሚተካው በዚሁ ምክንያት ነው። የደበዘዘ የመዳብና የነሐስ ዕቃ በሁመር ሲታሽ የሚያብረቀርቀውም አሲዱ በላዩ የተጋገረውን ዝገት ስለሚያሟሟው ነው። እንግዲህ ብረት ላይ ይህን የሚሠራ ጭማቂ በአሉሚኒየም ወይም በመዳብ ዕቃ ማሳደር ስለማይገባ፣ በብርጭቆ ዕቃ ያስቀምጡት።

ፍሬው ሆድ ለደረቀበት ሰው በብዙ አገሮች የቆየ መድኃኒት ነው፤ ሲበዛ ግን ያስቀምጣል። ሁመር አስፒሪንና ኢቡፕሮፌን ወደ ደም የሚገቡበትን መጠን ሊጨምር ስለሚችል፣ እነዚህን መድኃኒቶች በየዕለቱ የሚወስድ ሰው በረመዳን ሁመር ከማዘውተሩ በፊት ሐኪሙን ቢያማክር መልካም ነው።

በየቤታችን የምንጥለው ዘር በሕንድ ዋጋ አለው፤ ልጡ ተልጦ ፍሬው ይፈጭና የጥጥና የጁት ክር ከመሸመኑ በፊት እንዲጠነክር የሚቀባበት ሙጫ ይሠራበታል። ለጋ ቅጠሉን በምዕራብ አፍሪካ ወጥ ውስጥ ይጨምሩታል፤ ከብቶችና ፍየሎችም ይወዱታል። የግንዱ እምብርት ጠቆር ያለ፣ ከባድና ጠንካራ በመሆኑ ለሙቀጫና ለዘነዘና ይመረጣል፤ በዙሪያው ያለው ነጣ ያለ እንጨት ግን ነቀዝ ቶሎ ይገባበታል።

ከሰሉም ጥሩ ይነዳል፤ እኛን የሚያሳስበንም ይኸው ነው። ከዘር የተተከለ ሁመር የመጀመሪያ ፍሬውን ለመስጠት ሰባት ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጅበታል፤ ከዚያ በኋላ ግን ለብዙ አሥርት ዓመታት ያፈራል፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የሚኖርም አለ። ልጅና የልጅ ልጅ የሚለቅሙትን ዛፍ ለጥቂት ጆንያ ከሰል መጣል ትልቅ ጥፋት ነው ብለን እናምናለን። በተለይ በበጋ በሚደርቁ ወንዞች ዳር ሥሩን ወደ ጥልቅ ሰድዶ ድርቅን ተቋቁሞ የሚቆም ዛፍ ስለሆነ፣ እንዲህ ዓይነቱን ማግኘት ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ምክራችን ዘሩን ለድሬዳዋ ዘመዶችዎ እንዲልኩት ነው። ለብ ባለ ውኃ አሳድረው አፈር በተሞላ የችግኝ ከረጢት ውስጥ በአንድ ጣት ውፍረት ያህል ጥልቀት ይዝሩት፤ በአንድና በሁለት ሳምንት መካከል ይበቅላል። ዋና ሥሩ ቶሎ ስለሚረዝም ከረጢቱን ሳያልፍ፣ አፈሩም ሳይፈርስ በክረምት መግቢያ ይተከል፤ ከቤት ግድግዳና ከሌላ ዛፍም አሥር ሜትር ያህል ይራቅ። የመጀመሪያውን በጋ ውኃ እየጠጣ፣ ከፍየል በአጥር ተከልሎ ካለፈ በኋላ ብዙ እንክብካቤ አይፈልግም።