ሰው ጠፍቶ ዓመታት ሲያልፉ መርማሪ ምን ያደርጋል? ለጥያቄዎቻችሁ

በሰሜን ሸዋ በወንጀል ምርመራ ላይ ረጅም ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ስለጠፉ ሰዎችና ገዳዩ ስላልታወቀ ግድያ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። በስም አልጠራም፣ በምርመራ ላይ ስላለ ጉዳይም አልናገርም።

ጥ፦ ጋሼ፣ ሰው ከጠፋ 24 ሰዓት ሳይሞላ ፖሊስ አይቀበልም የሚባለው እውነት ነው?

የፊልም ወሬ ነው። እንዲህ የሚል ሕግ የለንም፤ ወዲያው አመልክቱ። የቅርብ ጊዜ ፎቶ፣ የስልክ ቁጥሩንና የለበሰውን ልብስ ዓይነት ይዛችሁ ሂዱ። ደግሞ እባካችሁ ክፍሉን አታጽዱ። እናት «ልጄ ሲመለስ ንጹሕ ቤት ያግኝ» ብላ አንሶላውን ታጥባለች፣ የጥርስ ብሩሹን ትጥላለች። ከዓመታት በኋላ አጥንት ቢገኝ፣ የማን እንደሆነ የሚመሳከረው በብሩሹና በአንሶላው ላይ በቀረው ዲኤንኤ ነበር።

ጥ፦ የቆየ መዝገብ ሲንቀሳቀስ መጀመሪያ ምን ይሠራል? (ከደብረ ብርሃን)

ይነበባል። ቀልዴን አይደለም። አዲስ መርማሪ ተጠርጣሪ ለመያዝ ይሮጣል። እኔ ግን መጀመሪያ የምፈልገው ስሙ አንዴ ተነስቶ ቃሉን ያልሰጠ ሰው ነው። እረኛው፣ ጠላ ሻጯ፣ የሚኒባሱ ረዳት።

ቀጥሎ ቀኑን መፈተሽ ነው። የኛ አገር ሰው ቀን የሚቆጥረው በታቦት ነው። የመንዝ ገበሬ «በሚካኤል ዋዜማ አየሁት» ካለ 11 ቀን ማለቱ ነው። ጸሐፊው ሚካኤልን ብቻ ሰምቶ 12 ብሎ ከጻፈው፣ «ያን ቀን አዲስ አበባ ነበርኩ» ያለው ተጠርጣሪ ሳይገባው ነፃ ወጣ ማለት ነው። ሚካኤል ደግሞ በየወሩ አለ። ስለዚህ «የትኛው ወር? እህሉ ታጭዷል ወይስ ገና ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ቀኑን የረሳ ሰው አጨዳውን አይረሳም።

ሌላው ወጥመድ «ለመጨረሻ ጊዜ ታየ» የሚለው ነው። አሥር ሰው ይመሰክራል፤ ስትመረምረው ዘጠኙ የሰሙት ከአንዱ ነው። ያ አንዱ ከዋሸ መዝገቡ በሙሉ የቆመው በውሸት ላይ ነው።

ጥ፦ ያኔ ዝም ያለ ምስክር አሁን ምን ሊናገር?

በቆየ መዝገብ ላይ ትልቁ ተስፋ እኮ እሱ ነው። ዱካው ይጠፋል፣ ልብሱ ይበሰብሳል፤ የሰው ዝምድና ግን ይለወጣል። ያኔ ሚስት የነበረችው ተፋታለች። ባልንጀሮቹ በመሬት ተጣልተዋል። የሚፈራው ሰው ሞቷል። ስለዚህ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ ማወቅ ግማሽ ሥራ ነው። ድሮ በአፈርሳታ አገር ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪወጣ ይቀመጥ ነበር። ዛሬ ሰው በአደባባይ አይናገርም፤ ደም መላሽ ይፈራል። ለዚህ የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ። ምስክሩ ስለ አዋጁ ካልሰማ ግን ምን ይጠቅመዋል? መርማሪው ሊነግረው ይገባል።

ጥ፦ ሽማግሌ አስታርቆ ካሳ ከተከፈለስ?

እርቁ ደም ያደርቃል፤ ደግ ነው። የግድያን ክስ ግን አያስቀርም።

ጥ፦ ስልኩ የት እንደነበረ ቴሌ አይናገርም? (ከደብረ ሲና)

ማን ደወለ፣ ስንት ሰዓት፣ በየትኛው ታወር፤ ይህ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ይገኛል። ታወር ግን አካባቢ እንጂ ቤት አያሳይም። በናንተ ገደል ደግሞ ቆላ ያለ ስልክ ማዶ ጋራ ላይ ያለውን ታወር ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ከቦታው ይልቅ የሚጠቅመኝ ጸጥታው ነው። በየቀኑ ሲደውልለት የነበረ ወዳጁ ከጠፋበት ቀን ጀምሮ አንዴም ካልሞከረ፣ እንደማያነሳ በምን አወቀ?

ጥ፦ ከብዙ ዓመት በኋላ ከአስከሬን ምን ይቀራል?

እንደ ቦታው ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ብርዱ መበስበስን ያዘገያል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ነው፤ ሙቀቱ ያፋጥነዋል። አጥንትና ጥርስ ግን ይቆያሉ። ዲኤንኤ የሚወሰደውም በአብዛኛው ከጥርስና ከጭን አጥንት ነው። በእናት በኩል የሚወርደው ዓይነት ዕድሜ ስለሚቋቋም ከእናት፣ ከወንድም ወይም ከእህት ጋር ይመሳከራል።

መቃብሩን መፈለግ ሌላ ጥበብ ነው። አንዴ የተቆፈረ አፈር እንደ ድሮው አይገጥምም። ጥቁሩና ቀዩ ይቀላቀላል፣ ከክረምት በኋላ መሬቱ ይሰረጉዳል፣ ሣሩም ከዙሪያው ይለያል። ቀጭን ብረት ስትሰድበት ሰተት ብሎ ይገባል። ከዚያ በኋላ ዶማ ክልክል ነው። በትንሽ መጥረጊያ ስስ እያደረጉ እየገፈፉ፣ አፈሩን በወንፊት እየነፉ ነው። ቁልፍና ጥይት የሚገኘው ከወንፊቱ ነው። በ1980ዎቹ የአርጀንቲና ባለሙያዎች መጥተው በደርግ ዘመን የተገደሉ ሰዎችን አጽም ሲያወጡ፣ ኮተቤ በተገኙት አንገት ላይ የናይለን ገመድ ነበር። ናይለን አይበሰብስም።

ጥ፦ ጠንቋይ የተቀበረበትን ቦታ ነግሮናል፤ ፖሊስ ይቆፍራል?

እኔ ብሆን ጠንቋዩን የምጠይቀው ከናንተ በፊት ማን እንደመጣለት ነው።

ጥ፦ አስከሬን ካልተገኘ ክስ የለም? ስንት ዓመትስ ካለፈ ይቀራል?

አስከሬን ካልተገኘ አይከሰስም የሚል ሕግ የለም። ማስረጃው ይከብዳል እንጂ። በዱላ የወጣ የእምነት ቃል ደግሞ አይረባም፤ ሕገ መንግሥቱም አይቀበለውም። የሚያሳምነኝ ቃል ገዳዩ ብቻ የሚያውቀውን ነገር የያዘ ነው፤ ሄዶ ቢላውን ከጣለበት ያሳየ እንደሆነ። ይርጋው፣ ማለትም ካለፈ ክስ የማይቀርብበት ጊዜ፣ በከባድ ግድያ 25 ዓመት፣ በተራ ግድያ 20 ዓመት ነው።

ጥ፦ ወንድሜ ከጠፋ ስድስት ዓመት ሆነ። ፖሊስ ጣቢያ ስሄድ «እየተከታተልን ነው» ይሉኛል። ምን ላድርግ?

እህቴ፣ አይዞሽ። የመዝገቡን ቁጥር ያዢ፤ በቁጥር ስትጠይቂና በስም ስትጠይቂ የሚሰጥሽ መልስ አንድ አይደለም። መዝገቡ ፖሊስ ዘንድ ነው ወይስ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ? በማስረጃ እጥረት ከተቋረጠ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቂ፤ አዲስ ማስረጃ ሲገኝ ይንቀሳቀሳል። ለውርስና ለንብረት ጉዳይ ደግሞ፣ ወሬው ከጠፋ ሕጉ የሚጠይቀው ሁለት ዓመት ስላለፈ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መጥፋቱ እንዲወሰን ፍርድ ቤት ማመልከት ትችያለሽ። ይህ የወንጀል መዝገቡን አይዘጋውም። እናታችሁ በሕይወት ካሉ የዲኤንኤ ናሙናቸው እንዲወሰድ ዛሬውኑ ጠይቂ።