ክረምቱን አውሮፓ? እስቲ መጀመሪያ ጉልበትዎን ይጠይቁት

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከወልዲያ የመጡት ጥያቄዎች ተመካክረው የተላኩ ነው ሚመስሉት። ሁሉም ያው ነው፣ ክረምቱን አውሮፓ የት ልሂድ ነው። እኔ ደግሞ ደሴ ተወልጄ ያደግኩ፣ ጦሳ ላይ ጉም ሲወርድ ጃኬት ፍለጋ ምሮጥ ሰው ነኝ፣ መልሴ ውስጥ የሀገሬ ብርድ ቢገባበት እንዳትፈርዱብኝ።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ሆጤ አካባቢ ነው ምኖረው። ልጃችን ፍራንክፈርት ትሰራለች። ዘንድሮ «አባዬ፣ እማዬን ይዘህ ክረምቱን ና፣ ሁለት ሳምንት ፈቃድ ወስጄ አዞራችኋለሁ፣ ቦታውን ግን እናንተ ምረጡ» አለችኝ። ባለቤቴ ሮም ካልሆነ ትላለች፣ የልጄ ባል የግሪክ ባህር ዳርቻ ይላል፣ ጎረቤቴ ደግሞ ፓሪስን ያላየ ሰው አውሮፓ ሄድኩ አይበል እያለ ያደርቀኛል። እኔ ጉልበቴን ያመኛል። ባለቤቴ ደሞ ፍልሰታን ሰው ሀገር አልጾምም ብላለች። ምን ይሻለናል? (ጡረተኛው፣ ከደሴ)

መልስ፦ ጋሼ፣ አብሽሩ፣ ይሄ ከሚመስለው ይቀላል። እኛ ክረምት ስንል ጭቃው፣ ጉሙ፣ ከሰል ዳር የሚጠጣው ቡና ነው ትዝ የሚለን፣ ሐምሌና ነሐሴ ግን እዛ ዋናው በጋ ነው፣ ያውም የሚለበልብ በጋ። እርስዎ ደግሞ ዕድሜ ልክዎን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በሐምሌ ጋቢ ደርበው የኖሩ ሰው ነዎት፣ ሰውነትዎ ሙቀት አያውቅም።

እኔ እናቴን ነሐሴ ላይ ሮም ወስጃት ያየሁትን ልንገርዎ። ከሆቴል የወጣነው በኛ አራት ሰዓት ላይ ነው፣ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ፀሐዩ ከላይ አስፋልቱ ከታች ይጠብሰን ጀመር። ሮም በየጥጉ ቀኑን ሙሉ ውሃ የሚወርድባቸው ነፃ የመጠጥ ቧንቧዎች አሏት፣ በሺህ ነው ሚቆጠሩት፣ «ናዞኒ» ይሏቸዋል። እናቴ አንዱ ጋ ቆማ ሃይላንዷን ሞላች፣ ነጠላዋን ነክራ አናቷ ላይ ጣል አረገች፣ ከዛ የድንጋይ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ «ልጄ፣ ይሄ እኮ ሚሌ ነው። ለሚሌማ ባቲን አልፎ ቁልቁል መውረድ ይበቃን ነበር፣ ቪዛ ምን አስፈለገው» አለችኝ። ደግሞ ኦገስት 15፣ በኛ ነሐሴ 9፣ ፌራጎስቶ ሚሉት በዓል አላቸው። በዛ ሰሞን ሮማውያኑ ራሳቸው ከተማውን ጥለው ባህር ይወርዳሉ፣ ቤተሰብ የሚሰራባቸው ሱቆችና ምግብ ቤቶች ብዙዎቹ በር ላይ ወረቀት ለጥፈው ይዘጋሉ። ባለቤቱ ከሸሸው ቤት እንግዳ ምን ይሰራል?

የግሪኩም ያው ነው፣ በፈረንጆቹ 2023 ሐምሌ ላይ ሙቀቱ ሲብስባቸው አቴንስ አክሮፖሊስን በቀትር ሰዓት ዘግተውት ነበር። ሲሲሊ እንኳን ባይነሳ ይሻላል፣ እ.ኤ.አ. 2021 ላይ 48.8 ዲግሪ ተለክቶባት የአውሮፓ ሪከርድ ሆናለች። ፓሪስን በተመለከተ ጎረቤትዎን ሰላም በሉልኝ፣ ግን ሜትሮው፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ ማለቴ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1900 ጀምሮ የሚሰራ አሮጌ ነው፣ አብዛኛው ጣቢያ ሊፍት የለውም፣ ደረጃ መውጣትና መውረድ ነው። ጉልበትዎ አይወደውም።

እኔን ያልገባኝ ግን ጋሼ፣ ቤትዎ ውስጥ ሚማር ልጅ የለ፣ ስራ የለብዎ፣ ሐምሌና ነሐሴ ማን አስገደድዎ? ባለቤትዎ ፍልሰታን እቤቷ ትጹም፣ ደብሯ ታስቀድስ፣ ነሐሴ 16 በሰላም ትፍታና ከዛ ተነሱ። ልጅዎም ፈቃዷን ወደ ሴፕቴምበር ትግፋው። የነሱ ትምህርት ቤት ሲከፈት ሆቴሉም ቲኬቱም ትንፋሽ ያገኛል፣ ሰልፉም ይቀንሳል። እንቁጣጣሽን ፍራንክፈርት ዶሮ ወጥ ሰርታችሁ ከልጃችሁ ጋር ትውላላችሁ፣ መስከረም ሲገባ ሮም ሙቀቷ 27 ዲግሪ ገደማ ላይ ይወርዳል፣ ያኔ የባለቤትዎ ምኞት ይሙላ። መስከረም 21 ደግሞ ለግሸን ማርያም ሀገራችሁ ናችሁ።

ሮም ላይ ሁለት ነገር። ቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ መግቢያው ነፃ ነው፣ ግን ትከሻና ጉልበት የተጋለጠ አያስገቡም። እኛ ሰልፍ ላይ እያለን ከፊታችን ያለችውን ወጣት ፈረንጅ እጅጌ በሌለው ልብሷ ሲመልሷት እናቴ ዝም ብላ ነጠላዋን አውልቃ ትከሻዋ ላይ ጣል አረገችላትና አብራት ገባች፣ በምን ቋንቋ እንደተግባቡ እስካሁን አላውቅም። ሁለተኛው፣ ከባዚሊካው ጀርባ የሀበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ቤተክርስቲያን አለ፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ለኛ መነኮሳት የተሰጠ። ቫቲካን አጥር ውስጥ ስለሆነ ዝም ተብሎ አይገባበትም፣ ግን የሐይቅ እስጢፋኖስ ጎረቤት ሆነው ሳያውቁት ቢመለሱ ቅር ይለኛል።

ከሮም በፊት ግን ከልጅዎ ጋር ባቫሪያ ተራራ ስር ኮኒግስዜ የሚባል ሐይቅ ሂዱ። ከፍራንክፈርት ሙኒክ በፈጣን ባቡር ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ ከዛ ወደ ቤርሽቴስጋደን ትቀጥላላችሁ፣ አንድ ሁለት ቀን አዳር ያዙ እንጂ ደርሶ መልስ እንዳትሞክሩት። ጀልባዎቹ እ.ኤ.አ. ከ1909 ጀምሮ በኤሌክትሪክ ነው ሚሄዱት፣ ድምፅ የላቸውም፣ ውሃው ላይ ዘይት አይታይም። ቀጥ ያለው ገደል ጋ ሲደርስ ባለጀልባው ሞተሩን ያጠፋና ትራምፔት አውጥቶ ትንሽ ይነፋል፣ ዝም ይላል፣ ገደሉ መልሶ ይነፋለታል። የገደል ማሚቶ! ደሴ አዝዋ ገደል ላይ ቆሞ ጓደኛውን ተጣርቶ ያደገ ሰው እዛ ጀልባ ውስጥ እንባው ቢመጣ አልፈርድበትም። እርስዎ ደግሞ ቁጭ ብለው ነው ሚያዩት፣ ጉልበት አይፈልግም። ከሰዓት ዝናብ ይጥላል፣ ጃንጥላ ያዙ።

ቲኬቱን በፍራንክፈርት ገብቶ በሮም መውጣት አርጋችሁ ግዙት፣ ሁለቱም ጋ ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አለ፣ ሻንጣ እየጎተቱ ወደ ኋላ መመለስ ይቀራል። ቪዛው ግን ከአሁኑ ይታሰብ። ብዙ ቀን ምትቆዩት ጀርመን ስለሆነ ማመልከቻው ለጀርመን ነው። ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ ማስገባት ይቻላል። የአውሮፓ ህብረት እ.ኤ.አ. 2024 ላይ ከወሰነው ወዲህ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት መደበኛ የቪዛ ማያ ጊዜው ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ስለሄደ፣ አፖይንትመንቱም በቀላሉ ስለማይገኝ፣ የነሐሴ ጉዞ ቪዛ ሚያዝያ ላይ መጀመር አለበት። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፣ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ ሚሸፍን ይሁን። ልጅዎ ካለችበት ከተማ የውጭ ዜጎች ቢሮ «ፈርፍሊሽቱንግስኤርክሌሩንግ» የምትባል፣ ስሟን ስጠራ ምላሴ ሚተሳሰር ወረቀት ታውጣ፣ ወጪያቸውን እኔ እችላለሁ ብላ ምትፈርምባት ናት። እናንተ የጡረታ ደብተሩን፣ የባንክ ስቴትመንቱን፣ የቤት ካርታውን፣ የጋብቻ ወረቀቱን። እንመለሳለን ብሎ ከመማል ካርታው ይናገራል።

ጥያቄ፦ ሚያዝያ ላይ ተጋብተን ስራ ስለበዛብን ጫጉላውን ለክረምት አዘዋወርነው። ፕላናችን 10 ቀን ነው፣ ፓሪስ፣ ባርሴሎና፣ ቬኒስ፣ ሳንቶሪኒ፣ ለንደን፣ ከዛ መመለሻ በረራችን ከፓሪስ ነው። ምን ትለናለህ? (አዲስ ሙሽራ፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ወንድሜ ጫጉላ ነው ወይስ ጅቡቲ ጭነት ልታወርድ ነው? የኮምቦልቻ ልጅ መሆንህ ያስታውቃል። አስር ቀኑ ኤርፖርት ለኤርፖርት ነው ሚያልቀው፣ ሚስትህ ሳንቶሪኒን ሳይሆን ቀበቶ አውልቁ የሚለውን ሰውዬ ነው ምታስታውሰው።

ከሁሉ የከፋው ለንደን ነው። ሸንገን፣ ማለት በአንድ ቪዛ ሚዞሩባቸው የአውሮፓ ሀገሮች፣ 29 ሀገር ነው፣ እንግሊዝ የለችበትም፣ ቪዛዋ ለብቻ ክፍያዋም ለብቻ ነው። እንደገና ደግሞ ያው የ2024ቱ ውሳኔ ለኛ ፓስፖርት ብዙ ጊዜ መግቢያ ቪዛ እንዳይሰጥ ይላል፣ ስለዚህ ሚደርስህ አንድ ጊዜ መግቢያ ነው። ከሳንቶሪኒ ለንደን ከወጣህ ቪዛህ በቃ፣ ለመመለሻው በረራ ፓሪስ ልግባ ብትል በር ላይ ትቀራለህ። ለንደን የግድ ከሆነ መጨረሻ አርገውና ከዛው ወደ ሀገርህ ግባ። ከሄድክ ግን ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም ጎራ በል፣ መግቢያው ነፃ ነው፣ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. 1868 ከመቅደላ የጫኑት የወርቅ ዘውድና ጽዋ እዛ አለ። ብሪቲሽ ሙዚየም ያሉትን ታቦታት ግን አታያቸውም፣ ለእይታ አይቀርቡም። የኛው የወሎ አምባ ንብረት በመስታወት ውስጥ ሲታይ ለሙሽራ ጥሩ ስሜት አይደለም፣ አስጠንቅቄሃለሁ።

እኔን ከሰማኸኝ ሁለት ቦታ ይበቃሃል፣ ቬኒስና የስሎቬኒያው ብሌድ። ቬኒስ ለቀን ብቻ ለሚገባ ሰው በተመረጡ ቀናት እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ መግቢያ ማስከፈል ጀምራለች፣ ከተማው ውስጥ የሚያድር አይከፍልም፣ ስለዚህ እደር፣ ለነገሩ ቬኒስ ቆንጆ ምትሆነው ቱሪስቱ ሲወጣ ማታ ነው። ብሌድ ደግሞ ትንሽ ሐይቅ፣ መሀሉ ላይ ደሴት፣ ደሴቱ ላይ ቤተክርስቲያን። ከጀልባው ወርደህ 99 ደረጃ አለ፣ ሙሽራ ሚስቱን ተሸክሞ መውጣት አለበት ይላሉ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ሴት አይገባም፣ እዛ ግን ሚስትህን ተሸክመህ ነው ምትገባው፣ እስከዛ ሽሮውን ቀነስ አርግ።

ሆቴል ስትይዝ ቪዛው እስኪወጣ ድረስ ገንዘቡ ማይመለስበትን እንዳትከፍል። የአጎቴ ልጅ «ቪዛው እርግጠኛ ነው» ያለውን አንድ ኤጀንሲ አምኖ የአምስት ቀን ሆቴል ቀድሞ ከፈለ፣ ቪዛው ተከለከለ፣ ብሩም ቀረ፣ ውሉን ሲያነቡለት ለካ በትንሽ ፊደል ተጽፏል። የወሎ ሰው ውጫሌን እንዴት ይረሳል? አንቀጽ 17 በአማርኛ ሌላ በጣሊያንኛ ሌላ ሆኖ ነው እኮ አድዋ ድረስ የሄድነው።

ጥያቄ፦ እህቴ ስቶክሆልም ነው ምትኖረው፣ ሐምሌን ከሷ ጋር ላሳልፍ ነው። ፀሐይ አትጠልቅም ይላሉ፣ ሰላቱን እንዴት አረጋለሁ? ምግቡስ? (ከወልዲያ)

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ስቶክሆልም ትጠልቃለች፣ ማትጠልቀው ከሰሜኑ ጫፍ ነው። ግን ሐምሌ አጋማሽ ላይ መግሪብ በኛ አቆጣጠር ወደ ምሽቱ 4 ሰዓት ይጠጋል፣ ከዛም በኋላ ሰማዩ ሙሉ ለሙሉ ስለማይጨልም ኢሻና ፈጅር ይቀራረባሉ፣ የከተማው መስጂድ ሚያወጣውን የሰላት ሰሌዳ ተከተይ፣ እህትሽ ታውቀዋለች። ለእንቅልፍ ወፍራም መጋረጃ ያስፈልግሻል። ሃላል ስጋ ችግር የለም፣ ሱፐርማርኬት ላይ ግን «ፍሌስክ» የሚል ካየሽ የአሳማ ነው፣ መልሰሽ አስቀምጪው። ዩሮ በካሽ ይዘሽ እንዳትሄጂ፣ ገንዘባቸው ክሮና ነው፣ ደግሞ ብዙ ቦታ ካሽ ጭራሽ አይቀበሉም። ለነፋሻ ቀን የደሴቶቹን ጀልባ ያዢ፣ ከተማው ፊት ለፊት 30,000 ገደማ ደሴትና ድንጋይ ተበትኗል፣ ሹራብሽን ግን እንዳትረሺ፣ ከወልዲያ ይበርዳል።

ጥያቄ፦ ለልጄ ቅቤና ቋንጣ ይዤላት ብሄድ ችግር አለው? (እናት፣ ከደሴ ፒያሳ)

መልስ፦ አለው እናቴ። ከኛ ሀገር ወደ አውሮፓ ህብረት ሀገሮች ስጋና የወተት ተዋጽኦ ለራስ ፍጆታም ቢሆን ማስገባት ክልክል ነው፣ ቋንጣውም ቅቤውም አይቦም እዛ ውስጥ ናቸው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡና፣ ቆሎ ያዙላት። የኔዋ እናት እንቢ ብላኝ ሁለት ኪሎ የተነጠረ ቅቤ በላስቲክ ደራርባ ጠቅልላ ይዛ መጣች። የጉምሩኩ ሰውዬ ፈታታው፣ አሸተተው፣ ኮረሪማው ሲመታው ጊዜ ጓደኛውን ጠራው፣ ጓደኛውም አሸተተ፣ ሁለቱም ተያዩና እያዘኑ ወሰዱባት። እናቴ እስከዛሬ «አልጣለውም፣ እቤቱ ነው የወሰደው» ትላለች።