ባጃጅ ውስጥ የሚከርም መድኃኒት

ጥያቄ፦ እህቴ፣ የድሬዳዋ፣ የሳቢያን ሰፈር ልጅ ነኝ፣ ባጃጅ እሠራለሁ። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይዞኝ ሦስት ጊዜ «አሜባ ነው» ተብዬ ሜትሮኒዳዞል ወሰድኩ፣ አልለቀቀኝም። በመጨረሻ አዲስ አበባ ሄጄ በኮሎኖስኮፒ፣ አንጀትን ከውስጥ በሚያይ ካሜራ፣ ሲያዩኝ አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ፣ የትልቁ አንጀት ቁስለት ነው አሉኝ። ሰልፋሳላዚን ባለ 500 ሚሊግራሙን በቀን 8 ፍሬ አዘዙልኝ። ፕሬድኒሶሎን ደግሞ በ40 ሚሊግራም ጀምሬ በየሳምንቱ እየቀነስኩ አሁን 30 ላይ ነኝ፤ ማታ ከራት ጋር ነው የምወስደው። ወር ሊሞላኝ ነው፣ ደሙ ቆሟል። ግን ፊቴ አብጧል፣ እንቅልፍ የለኝም፣ ሽንቴ ብርቱካን መስሏል። ካገባሁ ስድስት ወሬ ነው፣ ባለቤቴም ፊትህ ተለወጠ ትለኛለች። እንዳልረሳው መድኃኒቱን ባጃጁ ውስጥ ነው የማስቀምጠው። ወገቤን ሲያመኝ ዲክሎፌናክ እወስዳለሁ። ከተሻለኝ ሁለቱንም ባቆም ምን ይለኛል?

መልስ፦ አቦ፣ አንተ እያልኩ ልቀጥል፤ ድሬ ላይ አንቱ የሚባል ሰው ገና አልተወለደም።

ፕሬድኒሶሎኑን በድንገት እንዳታቆመው። ከኩላሊትህ በላይ ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች አሉ። ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን በየቀኑ ያመርታሉ። ፕሬድኒሶሎን የዚሁ ሆርሞን አምሳያ ነውና ለሳምንታት ከውጭ ስትሰጣቸው ሥራ ፈትተው ይተኛሉ፤ ስታቆምም ቶሎ አይነቁም። ያኔ ጉልበት ይከዳሃል፣ ያስታውክሃል፣ ብድግ ስትል ዓይንህ ይጨልማል። ሲብስ የደም ግፊትህ ወርዶ ሕይወትህን ያሰጋል። ስለዚህ ሐኪሙ በጻፈልህ መሠረት ቀስ እያልክ ውረድ። የፊትህም እብጠት መጠኑ ሲወርድ አብሮ ይጎድላል፣ ለባለቤትህ ንገራት።

እንቅልፉን የነሳህ ማታ መውሰድህ ይመስለኛል። ወደ ጠዋት አምጣው፣ ከቁርስ ጋር። ጫት ይዘህ በርጫ ትቀመጥ እንደሆነ አልጻፍክልኝም። ከተቀመጥክ ግን ጥፋቱን ሁሉ መድኃኒቱ ላይ አንጣል።

የሽንትህ ቀለም የሰልፋሳላዚኑ ነው፣ አትደንግጥ። የዓይንህ ነጩ ቢጫ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ጉበትህን መታየት አለብህ። ሰውነትህ ሽፍ ካለ፣ ወይም ጉሮሮህ ቆስሎ ካተኮሰህ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂድ። ከዚህ በፊት ባክትሪም የሚባለውን ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ወስደህ ሰውነትህ ሽፍ ብሎ የሚያውቅ ከሆነም ዛሬውኑ ተናገር፤ እሱም ሰልፋሳላዚኑም ሰልፋ አለባቸው። የደም ምርመራውን ደግሞ እንዳትዘልል። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በየ2 ሳምንቱ ነው። ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቫይታሚን ካልታዘዘልህ ጠይቅ፣ ሰልፋሳላዚን እሱን ያጓድላልና። ሰልፋሳላዚኑን ከምግብ ጋር ዋጠው፣ ውኃ በደንብ ጠጣ። በዚህ ሙቀት ቀኑን ሙሉ እየነዳህ ውኃ የምትቆጥብ ከሆነ ኩላሊትህ ይቀየምሃል።

ደሙ ቆመ ብለህም ሰልፋሳላዚኑን አትተወው። ይኼኛው በሽታው ተኝቶ እንዲቆይ የሚያደርገው ነው። መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ 22 ዓመት ቆሜያለሁ። ደሙ ቆመ ብሎ የጠፋ ሰው ስንቴ ሆዱን ይዞ ተመልሶ እንደመጣ ልነግርህ አልችልም።

አዲስ ሙሽራ ስለሆንክ አንድ ነገር ልጨምር። ሰልፋሳላዚን የወንድን ዘር ቁጥር ይቀንሳል። ሲቆም በጥቂት ወራት ይመለሳል። ልጅ ካሰባችሁ ለሐኪምህ ንገረው፣ ሜሳላዚን ወደሚባለው ሊቀይርልህ ይችላል። በራስህ ግን አትቀይር።

አሁን ወደ ባጃጁ። ጀማሪ ሳለሁ አንድ ካርቶን መድኃኒት ከመስኮቱ ሥር ትቼ ለምሳ ወጣሁ። ድሬ ምሳ ሰዓት ላይ ሱቁን ሲዘጋ መቼ እንደሚከፍት ታውቃለህ። ስመለስ ፀሐዩ ሲጠብሰው ውሏል። አንዱን ጠርሙስ ከፍቼ ብገለብጠው ምንም አልወጣም። ፍሬዎቹ እርስ በርስ ተጣብቀው እንደ ሃልዋ አንድ ላይ ሆነዋል፣ ሽፋናቸው ጣቴ ላይ ቀረ። ያን ሁሉ ጣልኩ፣ ከደመወዜም ተቆረጠ። የቆመ ባጃጅ ውስጥ ያለው ሙቀት ደግሞ ከዚያ መስኮት ይብሳል። ብልቃጡ ላይ «ከ25 ዲግሪ በታች» ወይም «ከ30 በታች» ይላል፣ አንብበው። ቤት ውስጥ ቀዝቀዝ ያለ ደረቅ ቦታ አስቀምጥ፣ የዕለቱን ብቻ በኪስህ ያዝ። ያንተ ሰልፋሳላዚን ሽፋን ያለው ከሆነ አትሰባብረው፣ አታኝከውም። ሽፋኑ ሆድህን እንዳያስቆጣ የተደረገ ነው።

ዲክሎፌናኩን ተወው። አይቡፕሮፌንም ያው ነው፤ የተኛውን ቁስለት ሊቀሰቅሱብህ ይችላሉ። ለወገብህ ፓራሲታሞል ይሻልሃል።

ደሙ ተመልሶ በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ካስቀመጠህ፣ ትኩሳት ካለህ፣ ሆድህም ከተነፋ፣ ተቅማጥ ማቆሚያ ሎፔራሚድ ፍለጋ መድኃኒት ቤት እንዳትመጣ። አንጀትህ እንዲነፋ ያግዛልና አደገኛ ነው። ባጃጁን ሌላ ሰው ይንዳልህ፣ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል።