የባራካህ ጨረታ፦ ኮሪያ ፈረንሳይን እንዴት ረታች?

በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ስላለው የባራካህ ኒውክሌር ማመንጫ የላካችሁልኝን ጥያቄዎች እነሆ መለስኩ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

ጥያቄ፦ የምኖረው አቡ ዳቢ ነው። ባራካህን ማን ሠራው? እነማንስ ተወዳደሩ?

መልስ፦ ደቡብ ኮሪያዎች ናቸው የሠሩት። ለመጨረሻው ዙር ሦስት ቡድኖች ቀርበው ነበር፦ በመንግሥታዊው የኤሌክትሪክ ኩባንያ በኬፕኮ የሚመራው የኮሪያ፣ በኒውክሌር ኩባንያው በአረቫ የሚመራው የፈረንሳይ፣ እንዲሁም የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክና የጃፓኑ ሂታቺ። አሸናፊው ታኅሣሥ 2009 ታወቀ። ውሉ ወደ 20 ቢሊዮን ዶላር ነው፤ አራት ሪአክተሮች (የኒውክሌር ሙቀቱ የሚፈጠርባቸው ክፍሎች)፣ እያንዳንዳቸው 1400 ሜጋ ዋት። ኮሪያ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ማመንጫ ለውጭ ሸጣ አታውቅም።

ጥያቄ፦ ፈረንሳይ ያን ሁሉ ልምድ ይዛ ለምን ተሸነፈች? በዋጋ ነው?

መልስ፦ የኮሪያ ዋጋ በጣም ረከስ ያለ ነበር። እኔ ግን ትልቁ ጉዳይ ፊንላንድ ነው እላለሁ። አረቫ እዚያ ኦልኪሉኦቶ 3 የተባለውን ሪአክተር በ2005 መገንባት ጀምሮ በ2009 ሊያስረክብ ቃል ገብቶ ነበር። ኤምሬትሶች ሲወስኑ ግንባታው ገና ብዙ ይቀረው ነበር። መደበኛ ሥራ የጀመረው በ2023 ነው! ኮሪያ ግን በአገሯ አንዱን ስትጨርስ ሌላውን እየጀመረች ስለኖረች የባለሙያዎቿ እጅ አልፈታም።

ጥያቄ፦ ፖለቲካ የለበትም?

መልስ፦ አለበት እንጂ። የዚያን ጊዜው የኮሪያ ፕሬዝዳንት ሊ ሚዩንግ ባክ ራሳቸው አቡ ዳቢ ድረስ ሄደዋል። በ2011 ደግሞ የኮሪያ ልዩ ጦር የኤምሬትስን ጦር ሊያሠለጥን ኤምሬትስ ገባ። ፈረንሳይም በዚያው በ2009 እዚያ የጦር ሰፈር ከፍታ ነበር፤ አላዋጣትም።

ጥያቄ፦ በቀጠሮው አለቀ?

መልስ፦ አላለቀም። የመጀመሪያው ሪአክተር ለ2017 ታስቦ በ2021 ነው መደበኛ ሥራ የጀመረው፤ አራተኛው በ2024። ኮሪያም ነውር ነበረባት። በ2013 ለባራካህ አርአያ በሆነው፣ ኮሪያ ውስጥ ባለው ሺን ኮሪ 3 ሪአክተር የደህንነት ኬብሎች የፍተሻ ሰነድ ፎርጅድ ሆኖ ተገኘ። ኬብሉ ተነቅሎ ተቀየረ። ያም ሆኖ ዛሬ የባራካህ አራቱ ሪአክተሮች የኤምሬትስን ኤሌክትሪክ ሩብ ያህሉን ይሸፍናሉ።

ጥያቄ፦ ኤምሬትሶች ዩራኒየም ያበለጽጋሉ?

መልስ፦ አያበለጽጉም (ማበልጸግ ማለት ዩራኒየሙን ለነዳጅ፣ ከተገፋበትም ለቦምብ እንዲሆን ማዘጋጀት ነው)፤ ነዳጁን ይገዛሉ። ማበልጸጉን የተዉት ከአሜሪካ ጋር በገቡት ስምምነት ነው። እሱም የጸናው አሸናፊው ከመታወቁ ጥቂት ቀናት በፊት ነበር። የኮሪያው ሪአክተር መሠረቱ የአሜሪካ ዲዛይን ስለሆነ የአሜሪካ ይሁንታ ያሻው ነበር፤ ያለዚያ ስምምነት ግዢው አይታሰብም ነበር።